ሳንቲሙ ላይ ያለውን ዓመት አትመኑ፦ የጥንት የአሜሪካ ሳንቲሞችንና ቶከኖችን ታሪክ የማጣራት አሠራር

ቦስተን ውስጥ የተሠራ የጥድ ዛፍ ሺሊንግ፣ ማለትም የጥድ ዛፍ ምስል ያለበት የብር ሳንቲም፣ እጃችሁ ቢገባ ላዩ ላይ 1652 የሚል ታያላችሁ። «በ1652 ተሠራ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን ተሸወዳችሁ። ጆን ሃል እና ሮበርት ሳንደርሰን የተባሉት ብር ሠሪዎች ለማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት እስከ 1682 ድረስ ሳንቲም ሲያወጡ ያንኑ ዓመት ነበር የሚያትሙበት። ልዩነቱ የኦክ ዛፍ ያለበት የሁለት ፔኒው ሳንቲም ብቻ ነው፤ እሱ 1662 ይላል። የጥድ ዛፉ ደግሞ ከሁሉም መጨረሻ የመጣ ነው። ከሱ በፊት ሁለት ፊደል ብቻ የተመታበት፣ ቀጥሎ የአኻያ ዛፍ፣ ቀጥሎ የኦክ ዛፍ ነበር።

ለእኛ ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። አያቶቻችን የተገበያዩበት የማርያ ትሬዛ ብርም ሁልጊዜ 1780 ነው የሚለው፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን የተመታው ጭምር።

እንግዲህ ሥራው ይሄ ነው። ሳንቲሙ ስለራሱ የሚያወራውን ከዘመኑ ወረቀት ጋር ማፋጠጥ። እንዴት እንደሚደረግ በቅደም ተከተል እንየው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

1. ጥያቄውን አጥብቡ

«የጥንት የአሜሪካ ሳንቲም» ብላችሁ ከተነሳችሁ የትም አትደርሱም። መጀመሪያ የያዛችሁት ነገር ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለዩ። ቅኝ ግዛቶቹ ራሳቸው ያሠሩት አለ። ከነፃነት በኋላ ከ1785 እስከ 1788 ቨርሞንት፣ ኮነቲከት፣ ኒው ጀርሲና ማሳቹሴትስ ያወጡት መዳብ አለ። በኤፕሪል 2 ቀን 1792 በወጣው ሕግ የተቋቋመው የፊላደልፊያው ሚንት፣ ማለትም የመንግሥት ሳንቲም ማምረቻ፣ የሠራው አለ። ነጋዴዎች በሳንቲም ፋንታ እንዲያገለግል በግላቸው ያሠሩት ቶከንም አለ። የውጭውንም እንዳትረሱ። የስፔን ዶላር አሜሪካ ውስጥ እስከ 1857 ድረስ በሕግ የታወቀ ገንዘብ ነበር። የሰው ኪስ ውስጥ በብዛት የሚገኘውም እሱ ነበር።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ያዙ። ማን አዘዘው? ማን መታው? የት? ስንት ተሠራ? እውነት ገበያ ላይ ዋለ? እያንዳንዱ ጥያቄ የሚመለሰው በተለያየ ወረቀት ነው። አምስቱንም አንድ ላይ ካነሳችሁ መዝገቡ ሲከፈት ጉድ ይፈላል።

2. ወረቀት ከመክፈታችሁ በፊት ሳንቲሙን አንብቡ

የሚያስፈልጋችሁ እስከ 0.01 ግራም የሚለካ ሚዛን፣ ካሊፐር (የስፋትና የውፍረት መለኪያ)፣ አሥር ጊዜ የሚያጎላ መነጽርና አንድ የጠረጴዛ መብራት ነው። መብራቱን ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ዝቅ አድርጋችሁ አብሩት። የደበዘዘ ጽሑፍ ጥላ ይጥልና ይወጣል። ሳንቲሙን በምንም ነገር አትጠቡ፣ አትወልውሉ። ሎሚ ብሎ ነገር የለም።

ክብደቱ ብዙ ይናገራል። የዘመኑ ሕጎች የሚጽፉት በግሬን ነው፤ አንድ ግሬን 0.0648 ግራም አካባቢ ነው። የጥድ ዛፍ ሺሊንግ 72 ግሬን፣ ማለትም ወደ 4.67 ግራም እንዲሆን ነበር የታሰበው። የአሜሪካ ሴንት በ1793 ሲጀመር 208 ግሬን ነበር፤ በ1795 መጨረሻ ወደ 168 ወረደ። ስለዚህ 1795 የሚል ሴንት ስትመዝኑ 13 ግራም አካባቢ ነው ወይስ 11 አካባቢ የሚለው የዓመቱን መጀመሪያ ከመጨረሻው ይለይላችኋል።

ጠርዙንም እዩ። ብዙ ሰው የሚረሳው ጠርዙን ነው። አንዳንዱ ሳንቲም እዚያ ላይ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ተጽፎበታል።

ቀጥሎ ዝርያውን ለዩ። በዚያ ዘመን ሳንቲም የሚመታበት የብረት ማኅተም በእጅ ነበር የሚቀረጸው። ስለዚህ ሁለት ማኅተም አንድ ዓይነት አይሆንም። የፊደል ርቀቱ፣ የቅጠሉ ብዛት፣ የኒው ጀርሲው መዳብ ላይ ያለው የፈረስ ጆሮ ይለያያል። ሰብሳቢዎች እነዚህን ቆጥረው ቁጥር ሰጥተዋቸዋል። ለኒው ጀርሲ መዳብ የማሪስ ቁጥር ነው፤ ከ1881 ጀምሮ የሚሠራበት ሲሆን ለፊቱ ቁጥር፣ ለጀርባው ፊደል ይሰጣል። ለኮነቲከት የሚለር፣ ለማሳቹሴትስ ብር የኖ፣ ከ1793 እስከ 1814 ላሉት ትልልቅ ሴንቶች የሼልደን ቁጥር አለ። ይህን ቁጥር ሳታውቁ የጨረታ ካታሎግም ሆነ የሙዚየም መዝገብ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

አንድ ሌላ ነገር። መዳብ ውድ ስለነበር አሮጌ ሳንቲም ላይ አዲስ መምታት የተለመደ ነበር። ከሥሩ የቀድሞው ሳንቲም ፊደል ብቅ ብሎ ይታያል። 1787 የሚል ሳንቲም ሥር 1788 የሚል ካገኛችሁ፣ የላዩ ከ1788 በፊት ሊሠራ አይችልም። ይሄን ማስረጃ ማንም ጠበቃ አይረታውም።

3. ከቀንና ከሂሳብ ጋር ተስማሙ

እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ ከ1752 በፊት ዓመት የሚቀይሩት ማርች 25 ነበር። ስለዚህ «ፌብሩዋሪ 1721» ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ በዛሬው አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 1722 ነው። አንዳንድ ጸሐፊዎች ለማስረዳት ሁለቱንም ዓመት በጭረት ያስቀምጣሉ። በሴፕቴምበር 1752 ደግሞ 11 ቀን ተዘልሎ ከ2ኛው ቀን በኋላ 14ኛው መጣ። ዕድሜ ልካችንን ሁለት ካላንደር ስናገናኝ የኖርን ሰዎች ስለሆንን ይሄ ብዙ አያስቸግረንም። ግን በማስታወሻችሁ ላይ የትኛውን አቆጣጠር እንደጻፋችሁ ምልክት አድርጉ።

ሂሳቡ ግን ያስቸግራል። አሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ አንድ የስፔን ዶላር በኒው ኢንግላንድና በቨርጂኒያ 6 ሺሊንግ፣ በፔንሲልቬንያ 7 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ፣ በኒው ዮርክ 8 ሺሊንግ ነበር። መዝገብ ውስጥ «20 ሺሊንግ ተከፈለ» ሲል የት አገር ሺሊንግ እንደሆነ ካላወቃችሁ ቁጥሩ ባዶ ነው።

4. ለክስተቱ የቀረበውን ወረቀት አስቀድሙ

ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባል የለ? እዚህም ያው ነው። ነገሩ በተፈጸመ ሳምንት የተጻፈ የሂሳብ መዝገብ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ከተጻፈ የሽማግሌ ትዝታ ይበልጣል።

የ1792ቱን ግማሽ ዳይም እንውሰድ። አምስት ሴንት የሚያወጣ ትንሽ የብር ሳንቲም ነው። «ብሩ የመጣው ከጆርጅ ዋሽንግተን ቤት ነው፤ የማርታ ማንኪያና ሹካ ቀልጦ ነው» የሚል ወሬ ለዘመናት ሲወራ ኖሯል። ደስ የሚል ታሪክ ነው። አሁን ወረቀቱን እንክፈት። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ቶማስ ጄፈርሰን ወጪና ገቢውን በየቀኑ የሚመዘግብ ሰው ነበር። ጁላይ 1792 ላይ 75 ዶላር እንዲመታለት ለሚንቱ እንደሰጠ ጽፏል። ጁላይ 13 ላይ ደግሞ 1,500 ግማሽ ዳይም ከሚንቱ እንደተረከበ መዝግቧል። እስቲ አስሉት፤ 1,500 በ5 ሴንት ሲባዛ ልክ 75 ዶላር ነው። ገባ፣ ወጣ፣ ሂሳቡ ተዘጋ። ዋሽንግተንም በኖቬምበር 6 ለኮንግረስ ባደረገው ንግግር ግማሽ ዳይም በጥቂቱ መሠራት እንደተጀመረ ተናግሯል፤ ስለቤቱ ማንኪያ ግን ያለው ነገር የለም። ወሬው ሐሰት መሆኑን ይሄ ብቻውን አያረጋግጥም። ነገር ግን የማስረዳት ሸክሙ ከእንግዲህ በወሬው ትከሻ ላይ ነው።

እነዚህን ሁሉ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ማየት ትችላላችሁ። የጄፈርሰንና የዋሽንግተን ወረቀቶች «ፋውንደርስ ኦንላይን» በሚባለው የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ገጽ ላይ በነፃ ይገኛሉ። ሳንቲም ነክ መጻሕፍት፣ የድሮ መጽሔቶችና የጨረታ ካታሎጎች ደግሞ ሴንት ሉዊስ ያለው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በሚያስተናግደው «ኒውማን ኒዩሚስማቲክ ፖርታል» ውስጥ ተቃኝተው ተቀምጠዋል። እሱም ነፃ ነው። ለቅኝ ግዛቶችና ለክፍለ ግዛቶች ሕጎች ሲልቬስተር ክሮዝቢ በ1875 ያሳተመውን ሥራ እዚያው ፈልጉ። ሰውየው የምክር ቤት ውሳኔዎችንና ማመልከቻዎችን ቃል በቃል ስለገለበጠ ዛሬም መነሻ ነው።

ለምሳሌ የኒው ጀርሲ ሕግ የወጣው በጁን 1 ቀን 1786 ነው። ዋልተር ሞልድ፣ ቶማስ ጎድስቢና አልቢዮን ኮክስ ሦስት ሚሊዮን መዳብ እንዲሠሩ ይፈቅዳል። የአንዱን ክብደት 150 ግሬን ይላል። ከአሥር አንዱን ለመንግሥት ግምጃ ቤት እንዲያስገቡም ያዛል። ይሄን ስታነቡ ቀጥሎ የት መሄድ እንዳለባችሁ ወዲያው ይገባችኋል፤ አንድ አሥረኛው ከገባ የግምጃ ቤቱ ደረሰኝ አለ ማለት ነው። ሕጉ ምን መደረግ እንዳለበት ነው የሚናገረው፣ የተደረገውን የሚናገረው ደረሰኙ ነው።

የፊላደልፊያው ሚንት የራሱ መዝገቦች ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ውስጥ በምድብ 104 ሥር ናቸው። ዋናው ክምችት ፊላደልፊያ ነው። ሄዳችሁ ማየት ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ጻፉላቸው፤ የምትፈልጉትን ዓመትና የመዝገብ ዓይነት ግለጹ። «ስለ ሳንቲም ያለውን ሁሉ» ብሎ መጠየቅ መልስ አያመጣም።

የሪፖርት ወጥመድ

እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ነውና። የሚንቱ ሪፖርት በ1804 ውስጥ 19,570 የብር ዶላር ተሠራ ይላል። ቁጥሩ ልክ ነው። ግን በዚያ ዓመት የተመቱት በፊተኞቹ ዓመታት ማኅተም ነው። ማኅተም ውድ ነበር፤ እስኪሰበር ይሠራበታል እንጂ ዓመት አለፈ ተብሎ አይጣልም።

ታዲያ 1804 የሚሉት ዝነኛ ዶላሮች ከየት መጡ? ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው የተሠሩት። በ1830ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ መንግሥት ለውጭ ነገሥታት የሚሰጥ የሳንቲም ስብስብ አስፈለገው። መዝገቡ የመጨረሻው ዶላር በ1804 ተሠራ ስለሚል ያንን ዓመት የያዘ አዲስ ማኅተም ተቀረጸ። ስጦታውን ይዞ የሄደው መልእክተኛ ኤድመንድ ሮበርትስ ነበር። አንዱ ስብስብ ለሲያም ንጉሥ፣ ሌላው የዛሬዋን ኦማን ይገዛ ለነበረው ለሙስካት ሱልጣን ደረሰ። ሙስካት የምትኖሩ አንባቢዎች ይሄን ልብ በሉ። በኋላም ሚንቱ ውስጥ ሌሎች ተጨመሩ፤ ዛሬ በድምሩ 15 ይታወቃሉ።

ስለዚህ የጥንቱን ሚንት ሪፖርት ስታነቡ «በዚህ ዓመት ተረከብን» ማለትና «ይህን ዓመት የያዘ ተሠራ» ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አትርሱ። የሚጠቅመው ሳንቲም የማስመታቱ ኃላፊ ለሚንቱ ግምጃ ቤት በየቀኑ ያስረከበው ዝርዝር ነው። የመጀመሪያው የብር ዶላር ለምሳሌ በኦክቶበር 15 ቀን 1794 በአንድ ርክክብ 1,758 ሆኖ ገብቷል።

5. ቶከን ከሆነ ነጋዴውን ተከተሉ

ቶከን ከሳንቲም ይልቅ ደስ የሚል ነው። ምክንያቱም ያሠራው ሰው ስሙን ራሱ ጽፎበታል።

የኒው ዮርኮቹን ታልቦት፣ አለምና ሊ የተባሉ ነጋዴዎች ቶከን እንውሰድ። 1794 እና 1795 የሚሉ አሉ። በአንድ በኩል ነፃነትን የምትወክል ሴት ቆማለች፤ «ነፃነትና ንግድ» ይላል። በሌላው በኩል ሸራዋን የዘረጋች መርከብ አለች። አሁን ጠርዙን አዙሩት። የ1794ቱ ብዙውን ጊዜ «በእነ እገሌ መደብር የሚከፈል» የሚል የተስፋ ቃል ጠርዙ ላይ ይዞ፣ የነጋዴዎቹን ስም ደግሞ መርከቧ ባለችበት ገጽ ላይ ያስቀምጣል። በ1795ቱ ቦታው ተቀይሯል፤ መደብሩም በመርከቧ ገጽ ላይ፣ «ለያዘው ሰው አንድ ሴንት ልንከፍል ቃል እንገባለን» የሚለው ጠርዙ ላይ።

ከዚህ ተነስታችሁ ሦስት ቦታ ትሄዳላችሁ። አንደኛ፣ የዘመኑ የኒው ዮርክ ከተማ የነጋዴዎች ማውጫ። በየዓመቱ ይታተም ስለነበር ድርጅቱ መቼ ብቅ እንዳለ፣ ሸሪኮቹ መቼ እንደተለያዩ ዓመት በዓመት ታያላችሁ። ሁለተኛ፣ ጋዜጣ። መርከብ ሲገባ ምን ጭኖ እንደመጣ ያስተዋውቃሉ፤ ሽርክና ሲፈርስም ማስታወቂያ ያወጣሉ። ሦስተኛ የማትጠብቁት ቦታ፣ ራሱ የመንግሥቱ ሚንት። ቶከኖቹ የተመቱት እንግሊዝ፣ በርሚንግሃም ነው። በ1795 መዳብ ያጠረው የፊላደልፊያ ሚንት ከድርጅቱ ከ1,000 ፓውንድ በላይ የሚመዝን ቶከን ገዝቶ እየቆረጠ ግማሽ ሴንት መታበት። አንዳንድ የ1795 እና የ1797 ግማሽ ሴንቶች ላይ መብራቱን ከጎን ስታበሩ የመርከቧ ገመድ ወይም የጠርዙ አጠገብ ፊደሎች ዛሬም ይታያሉ። ሳንቲሙና ደረሰኙ አንድ ቃል ሲናገሩ ማየት ከዚህ ሥራ ሁሉ የምወደው ክፍል ነው።

ከ1837 የገንዘብ ቀውስ ዘመን የሆኑት ቶከኖችም በዚሁ መንገድ ይጠናሉ። ባንኮች ወርቅና ብር መክፈል ሲያቆሙ ዝርዝር ከገበያ ጠፋ። ነጋዴው የሴንት መጠን ያለው መዳብ ማሠራት ጀመረ። አንዳንዶቹ «ለመከላከያ ሚሊዮኖች፣ ለግብር ግን አንድ ሴንትም አይሰጥ» የሚለውን መፈክር ጽፈው «አንድ ሴንት» የሚለውን ብቻ መሐል ላይ አጉልተውታል። በሩቁ ለሚያየው ሴንት ነው፤ ሐሰተኛ ሴንት ሠርታችኋል ለሚል ከሳሽ ግን «አንድ ሴንት አይደለም» ብሎ ይመልሳል። አራዳ ነበሩ። 1838 የሚለው፣ በሰንሰለት የታሰረች ሴት ተንበርክካ «ሴትና እህት አይደለሁምን?» የምትልበት ደግሞ የፀረ ባርነት ትግሉ አካል ነው። ለእሱ የነጋዴ ማውጫ አይጠቅምም፤ የፀረ ባርነት ጋዜጦችን ነው ማገላበጥ።

ስለ ጋዜጣ አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ኅትመት የእንግሊዝኛው «ኤስ» በቃል መጀመሪያና መሐል ላይ ረጅም ሆኖ «ኤፍ»ን ይመስላል። ኮምፒውተሩም «ኤፍ» ብሎ ያነበዋል። ስለዚህ «ሲልቨር» ብላችሁ ፈልጋችሁ ስታጡ «ፊልቨር» ብላችሁ ፈልጉ። ያስቃል፣ ግን ይሠራል። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት «ክሮኒክሊንግ አሜሪካ» ነፃ ነው። የሚከፈልባቸውን የጋዜጣ ክምችቶች ደግሞ የዩኒቨርሲቲና አንዳንድ የከተማ ቤተ መጻሕፍት በካርዳችሁ ያስከፍቱላችኋል።

6. ፎርጂዱን ለዩ፣ የእጅ ለእጅ ታሪኩን ተከተሉ

የጥንት አሜሪካ ሳንቲም ቅጂ ማሠራት ራሱ የጥንት ሥራ ነው። በ1850ዎቹና በ1860ዎቹ ለሰብሳቢ ተብለው የተሠሩ አሉ፤ ዛሬ እነሱም አርጅተው እውነተኛ ይመስላሉ። በ1973 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ቅጂ ሁሉ «ቅጂ» የሚል ምልክት እንዲኖረው ያስገድዳል፤ ከዚያ በፊት የተሠራው ግን ላይኖረው ይችላል። ጠርዙ ላይ ዙሪያውን የሄደ የመጋጠሚያ መስመር፣ የጠፋ ክብደት፣ አረፋ የመሰለ ገጽ ካያችሁ ተጠራጠሩ። ማግኔት የሚስበው መዳብም ብርም የለም።

ከዚያ ሳንቲሙ በማን እጅ እንዳለፈ በጨረታ ካታሎጎች ወደኋላ ተከተሉ። ፎቶ ካለ ጭረቱንና ነጠብጣቡን አስተያዩ፤ የባለቤት ስም ብቻ ማመሳሰል አይበቃም። ለምን አይበቃም ካላችሁ፣ የሴንቶቹን ቁጥር ያወጣው ሼልደን ራሱ ከአሜሪካ ኒዩሚስማቲክ ሶሳይቲ (የሳንቲም ጥናት ማኅበር) ስብስብ ጥሩ ጥሩዎቹን እያወጣ በዝቅተኞቹ መተካቱ ከሞተ በኋላ ተደርሶበታል። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሷል። ትልቅ ስም ዋስትና አይደለም።

ለማስተያየት በዓይን ማየት የሚፈልግ፣ በተለይ ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ያለ ሰው፣ ዕድለኛ ነው። የስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ብሔራዊውን የሳንቲም ስብስብ ይዟል፤ መግቢያው ነፃ ነው። ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ያለው የአሜሪካ ኒዩሚስማቲክ አሶሲዬሽን ደግሞ ለአባላቱ መጽሐፍ በፖስታ ያውሳል።

7. ስትጽፉ ሦስት ቀለም ተጠቀሙ

ማስታወሻችሁ ላይ በዘመኑ ወረቀት ያያችሁትን በአንድ ቀለም፣ ከሳንቲሙ ራሱ ያነበባችሁትን በሌላ፣ ሌላ ጸሐፊ ስላለ ብቻ የያዛችሁትን በሦስተኛ ጻፉ። በተለይ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ የተጻፉ አንዳንድ ታዋቂ ሥራዎች ምንጭ ሳይጠቅሱ በሙሉ ልብ የሚናገሩት ብዙ ነገር አለ። እርስ በርስ ሲገለባበጡ አሥር መጽሐፍ አንድ ምስክር ይሆናል። ሦስተኛው ቀለም ገጹን ከሞላው ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ።

ያለቀውን ጽሑፍ ለሚመለከተው ማኅበር ላኩት። ለቅኝ ግዛት ዘመን «ኮሎኒያል ኮይን ኮሌክተርስ ክለብ»፣ ለሴንትና ለግማሽ ሴንት «ኧርሊ አሜሪካን ኮፐርስ» አሉ። ስትልኩ የሁለቱን ገጽና የጠርዙን ፎቶ፣ ክብደቱን በግራምም በግሬንም፣ የዝርያ ቁጥሩን አብራችሁ አያይዙ። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እነዚህን ነው።